ጉልቻው ሲሰነጠቅስ?

ሶፍትዌር የሚሠራበት የአዲስ አበባ ቢሮ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክርክር አለ። ወጣቱ ፕሮግራመር በስብሰባው መሀል እጁን ያወጣና «ይሄ ሲስተም የተሠራበት ቨርዥን ጊዜው አልፎበታል፤ ወደ አዲሱ እናሻግረው» ይላል። ኃላፊው ቀና ይሉና «አሁን እየሠራ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቁታል። «አዎ፣ እየሠራ ነው።» «እንግዲያው የሚሠራ ነገር አትነካካ።» ከጎናቸው የተቀመጡት የፋይናንስ ኃላፊ ሳቅ ብለው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። በዓመቱ ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ያው መልስ ይሰጣል።

ተረቱ እውነት አለው። ወጥ የሚያጣፍጠው ሽንኩርቱ፣ ቅመሙና የሠሪዋ እጅ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ የተሠራበት ቋንቋ አዲስ ስለሆነ ብቻ ደንበኛው የተሻለ አገልግሎት አያገኝም። ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ጣዕም ነው። የጉልቻ ሥራ ደግሞ ድስት መሸከም ነው። የተሰነጠቀ ጉልቻ የወጡን ጣዕም አይቀንስም፤ ድስቱን ግን አንድ ቀን ይገለብጠዋል። ስለዚህ አንድን ሲስተም ወደ አዲስ መሣሪያ ማሻገር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ መመዘን ያለበት «ምን አዲስ ነገር ያመጣል?» በሚል ሳይሆን «ያለው ነገር እስከ መቼ ይሸከማል?» በሚል ነው።

ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ መተው ይቻል ነበር። ዛሬ ግን የባንክ ሒሳቡ፣ የመታወቂያ ምዝገባው፣ የጤና ጣቢያው ሪፖርት፣ የግብር ክፍያው ሁሉ በሶፍትዌር ላይ ተቀምጧል። ድስቱ የሕዝብ ነው።

«ጊዜው አለፈበት» ሲባል

ሶፍትዌር ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። የተጻፈበት ቋንቋ አለ። ፕሮግራመሩ ሁሉን ከዜሮ እንዳይጀምር የሚያግዙት ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ላይብረሪዎችና ፍሬምወርኮች አሉ። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አለ፤ ይህ ሁሉ የሚሠራበት ሰርቨር አለ። እያንዳንዳቸው ሠሪ አላቸው፤ ሠሪዎቹም በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፣ ለአሮጌው ደግሞ የመጨረሻ ቀን ይቆርጡለታል።

ያ ቀን ሲደርስ ምንም የሚታይ ነገር አይፈጠርም። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ 7.4 ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2022 የሠሪዎቹ ድጋፍ ተቋርጦበታል። በማግሥቱ ጠዋት በዚያ ቨርዥን የተሠሩት ድረ ገጾች እንደ ወትሮው ተከፈቱ። ኃላፊው «እየሠራ ነው አይደል?» ሲሉ የሚያዩት ይህንን ነው። የማይታየው ነገር፣ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቨርዥን ላይ ቀዳዳ ቢገኝ ሠሪዎቹ መጥተው አይደፍኑትም። የቤቱ በር አልተሰበረም፤ ቁልፍ ሠሪው ግን ሰፈር ለቋል።

ዝም ብሎ የመቀመጥ ዋጋ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2017 አፓቼ ስትረትስ በተባለ በጃቫ ፕሮግራመሮች ዘንድ በሰፊው በሚታወቅ ፍሬምወርክ ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ቀዳዳው የተደፈነበት ቨርዥንም ያኔውኑ ወጥቶ ነበር። የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዘው ኢኩፋክስ የተባለ ኩባንያ በአንዱ ሲስተሙ ላይ ይህንን ፍሬምወርክ ይጠቀም ነበር፤ አላሻሻለውም። በግንቦት ወር ሰርጎ ገቦች በዚያው ቀዳዳ ገቡ። ኩባንያው የነቃው በሐምሌ መጨረሻ ነው። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ጉዳዩን ለመዝጋት እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል አለ። ማስጠንቀቂያው ለኩባንያው ደርሶታል፤ ለሠራተኞቹም በኢሜይል ተልኳል። የጎደለው፣ «ይህ ፍሬምወርክ የትኛው ሲስተማችን ላይ አለ? ባለቤቱስ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሟላ መዝገብ ነበር። ዶላር የሚቆጥር ትልቅ ኩባንያ የራሱን ዕቃ አያውቅም ነበር።

ዝም የማለት ሁለተኛው ዋጋ የሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ኮሮና አሜሪካውያንን ከሥራ ሲያፈናቅል፣ የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ኮቦል የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች እንዲያግዟቸው ጠየቁ። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የተወጠነ ቋንቋ ነው። ለሥራ አጦች ድጎማ የሚከፈልበት የግዛቱ ሲስተም በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ ቋንቋውን የሚችሉት ደግሞ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። በአዲስ አበባ ይህንን ችግር ለማየት 60 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። «ሲስተሙን የሠራው ልጅ ውጭ ሄዷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እሱን የሚተካ ወጣት ሲፈለግ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተመራቂ ያንን አሮጌ ቨርዥን አይቶት አያውቅም፤ ቢያውቀውም ነገ ለሌላ ሥራ በማያወዳድረው ነገር ላይ ወጣትነቱን ማሳለፍ አይፈልግም።

የመቸኮልም ዋጋ አለ

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ነገውኑ ሁሉም ይቀየር» ሊል ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቲኤስቢ የተባለው የብሪታንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የአምስት ሚሊዮን ደንበኞቹን ሒሳብ ከቀድሞው የሎይድስ ሲስተም ወደ አዲሱ የባለቤቱ የሳባዴል ሲስተም አሻገረ። ሥራው በአብዛኛው በአንድ የሳምንት መጨረሻ እንዲያልቅ ታቅዶ ነበር። ሰኞ ጠዋት እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው። አንዳንዱ ገብቶ የሌላ ሰው ሒሳብ አየ። ችግሩ ለወራት ቀጠለ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በመስከረም ለቀቁ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። አሮጌውን ሲስተም መልቀቃቸው ስህተት አልነበረም። ስህተቱ በቂ ፍተሻ ሳይደረግ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለማሻገር መሞከሩ ነው።

ፍርሃቱ በኢትዮጵያም መሠረት አለው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ነው የገለጸው። ያንን ሌሊት የሚያስታውስ የባንክ ኃላፊ «አትነካካ» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ሊጠየቅ የሚገባው «ስንነካው እንዴት እንንካው?» የሚለውን ጥያቄ ሳያነሳ ሲቀር ነው።

አዲስ የሆነ ሁሉ ደግሞ የተሻለ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ሲመረምር፣ ኤክስዚ የተባለ በሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ የተለመደ መሣሪያ አዲሶቹ ሁለት ቨርዥኖች ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። አጥቂው ከሁለት ዓመት በላይ በጎ ፈቃደኛ መስሎ የባለቤቱን አመኔታ ሲያገኝ ቆይቶ ነበር። በዚያ ጊዜ አደጋ ውስጥ የነበሩት የወጣውን ሁሉ ወዲያው የሚጭኑት ናቸው። የተረጋጋውን ቨርዥን ይዘው የቆዩት ዳኑ።

አንዳንድ መሻገር ደግሞ ለተጠቃሚው ምንም አያመጣም። ኦራክል የጃቫን የድርጅቶች ቅርንጫፍ ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ፣ «ጃቫኤክስ» በሚለው ስም አጠቃቀም ላይ ሁለቱ መስማማት አልቻሉም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ቨርዥን ስሙ «ጃካርታ» ተባለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ውስጥ አንድ ቃል በሌላ ቃል ለመተካት ተቀመጡ፤ የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ሁሉ አብረው እስኪቀየሩም ጠበቁ። ለዚህ ድካም ደንበኛው ያገኘው አዲስ ነገር የለም። ኃላፊው «ለምን ብዬ ለዚህ እከፍላለሁ?» ቢል ጥያቄው ሐቀኛ ነው። ሐቀኛው መልስ ደግሞ «አዲስ ነገር ለማግኘት ሳይሆን፣ ነገ የሚመጣው የደኅንነት ጥገና በዚህ መንገድ ብቻ ስለሚደርስ» የሚል ነው።

ማሻገር ማለት አፍርሶ መሥራት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የነበረውን ኮድ ጥሎ ከዜሮ ለመጻፍ ወሰነ። አምስተኛው ቨርዥን ጭራሽ አልወጣም፤ ስድስተኛው የደረሰው በ2000 መጨረሻ ነው። በመሀሉ ገበያውን የማይክሮሶፍት ማሰሻ ወሰደው። ወጣት ባለሙያ «ይሄ ኮድ ቆሻሻ ነው፣ እንደገና እንጻፈው» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለት የፈለገው «እኔ አልጻፍኩትምና ማንበብ ይከብደኛል» ነው። ያ ቆሻሻ የሚመስለው ኮድ የዓመታት ስህተትና እርማት የታጨቀበት ነው።

ሦስት ፊደል ወይስ ዘጠኝ?

የማሻገር ጥቅም ለሁሉም እኩል አለመሆኑን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ፓይተን የተባለው ቋንቋ ሦስተኛ ቨርዥን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ሲወጣ ከሁለተኛው ጋር አይግባባም ነበር። ፕሮግራመሮች ተቆጡ፤ ብዙዎች አንሻገርም አሉ። የሁለተኛው ቨርዥን መጨረሻ ለ2015 ተቆርጦ ወደ ጥር 1 ቀን 2020 ተገፋ። ከብጥብጡ ምክንያቶች ዋናው ቋንቋው ጽሑፍን የሚይዝበት መንገድ መቀየሩ ነበር።

በአሮጌው ፓይተን «ሰላም» የሚለውን ቃል አስገብቶ ስንት ፊደል ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ፕሮግራመሩ ልዩ ምልክት ካላስቀደመ በቀር፣ መልሱ 9 ነው። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተቀመጠበትን ባይት ነው፤ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በአዲሱ ፓይተን መልሱ 3 ነው። ስም ለደረሰኝ እንዲያጥር ሲቆረጥ፣ አሮጌው ፊደሉን ከመሀሉ ሊቆርጠው ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ፕሮግራመር በሁለቱም ቨርዥን ያው ትክክለኛ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ ለካሊፎርኒያው ፕሮግራመር አሰልቺ ድካም የሆነው ለውጥ ለአዲስ አበባው ትልቅ እፎይታ ነበር። የውጭውን ክርክር አንብቦ «እነሱም አልወደዱትም» ብሎ የተቀመጠ ሰው የራሱን ጥቅም በሌላ ሰው ሚዛን ለካ።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በዩኒኮድ 14 ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ፊደላት የተመደቡበት ቦታ ከቀድሞዎቹ የራቀ በመሆኑ እያንዳንዳቸው አራት ባይት ይፈልጋሉ። ማይኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ዳታቤዝ ግን በአሮጌው «ዩቲኤፍ 8» አቀማመጡ ከሦስት ባይት በላይ የሚይዝ ፊደል አይቀበልም። አራት ባይት የሚቀበለው አቀማመጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ፤ መነሻ ምርጫ የሆነው ግን በ2018 በወጣው 8.0 ቨርዥን ነው። ስለዚህ አንድ የምዝገባ ሲስተም ባልተነካ አሮጌ ዳታቤዝ ላይ ከቆየ፣ በእነዚህ ፊደላት የተጻፈ ስም ወይ «ስህተት» ተብሎ ይመለሳል ወይ ተቆርጦ ይገባል። አዲሱን ቨርዥን መጫን ብቻም አይበቃም፤ የነበሩት ሰንጠረዦች ወደ አዲሱ አቀማመጥ መቀየር አለባቸው። «የሚሠራ ነገር አትነካካ» የሚለው ኃላፊ «ለማን ነው የሚሠራው?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ቀስ በቀስ

ታዲያ እንዴት? ኢንስታግራም መልስ አለው። መቶ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ከአሮጌው ፓይተን ወደ አዲሱ ተሻግሮ መጨረሱን ሲያስታውቅ፣ ሥራው አሥር ወር ያህል ነበር የወሰደው። አገልግሎቱ አልተዘጋም፤ ለብቻው የተቀመጠ «አዲስ ሲስተም»ም አልተገነባም። ያንኑ ኮድ በሁለቱም ቨርዥን እንዲሠራ አድርገው ጥቂት በጥቂት አስተካከሉት፤ መጀመሪያ ለራሳቸው ሠራተኞች፣ ከዚያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች፣ ከዚያ ለሁሉም ለቀቁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሳይሰሙት ሠሩበት።

ይህ መንገድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ፍተሻ። ኮዱ በተቀየረ ቁጥር «የትናንቱ ሥራ ዛሬም ይሠራል?» የሚለውን በራሱ የሚመልስ የተጻፈ ፍተሻ ከሌለ፣ መሻገር በጨለማ ደረጃ መውረድ ነው። ስለዚህ ፍተሻ የሌለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሥራው ፍተሻውን መጻፍ ነው፤ አዲሱን ቨርዥን መጫን ከዚያ ይከተላል። መጠባበቂያ ቅጂ ሊኖር ይገባል፤ ቅጂው መኖሩ ብቻ ሳይሆን ከቅጂው ሲስተሙን መልሶ ማስነሳት መቻሉም ተሞክሮ መታየት አለበት።

መተው ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ፣ የሰው መረጃ የማይዝ፣ በፋብሪካ ጥግ አንድ ማሽን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አሮጌ ፕሮግራም እንዳለ ቢቆይ ማንም አይጎዳም። በስድስት ወር ውስጥ ሊዘጋ የተወሰነበትን ሲስተም ማሻገርም ገንዘብ ማባከን ነው። ሌላው መታየት ያለበት ተጠቃሚው የያዘው ስልክ ነው። አዳዲስ የመተግበሪያ መሥሪያዎች በየጊዜው የአሮጌ አንድሮይድ ስልኮችን ድጋፍ ይተዋሉ። የገበሬ መተግበሪያ የሠራ ድርጅት ተጠቃሚዎቹ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዙ ሳይቆጥር ከተሻገረ፣ የሠራለትን ሰው በር ላይ ትቶት ይገባል።

ስለዚህ ከውሳኔ በፊት የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው። ነገ ቀዳዳ ቢገኝ ከውጭ የሚደፍነው ሠሪ አለ? ከውስጥስ ጥገናውን የሚጭን ሰው አለ? ሲስተሙ ለኢንተርኔት ክፍት ነው? የሰው መረጃ ይዟል? ብንሻገር የሚወድቅብን ተጠቃሚ ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልሳቸው «የለም»፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ደግሞ «አዎ» ከሆነ፣ ጉልቻው ተሰንጥቋል። የመጨረሻው ጥያቄ የሚወስነው መሻገር አለመሻገሩን ሳይሆን አሻጋገሩን ነው።

ከርክክብ በኋላ

የኢትዮጵያ ችግር ግን ከጥያቄዎቹም ይቀድማል። ጥያቄዎቹን የሚጠይቅ ደመወዝተኛ ብዙ ጊዜ የለም። በተለመደው መንገድ ሲስተም የሚገዛው እንደ ሕንፃ ነው፦ ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው ይሠራል፣ ርክክብ ይፈረማል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሕንፃ ከርክክብ በኋላ ቢያንስ ጥበቃና ጽዳት ይመደብለታል። ሶፍትዌሩ ግን የዋስትና ጊዜው ሲያልቅ ብቻውን ይቀራል። ለግንባታው የወጣው ገንዘብ ከካፒታል በጀት ወይም ከለጋሽ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ገንዘቡም ይዘጋል። በመደበኛ በጀት ውስጥ «የሶፍትዌር ማሻሻያ» የሚል መስመር ካልተጻፈ ደግሞ፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ባለው ዓመት ውስጥ ሥራው የማንም ሥራ አይደለም።

ይህ በተለይ ትልልቆቹን ሲስተሞች ይመለከታል። ፋይዳ የተመሠረተው መነሻው ባንጋሎር በሆነው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሠሪዎቹ ድጋፍ የሚሰጡትም ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቨርዥኖች ብቻ ነው። ክፍት ምንጭ መምረጡ ብልህነት ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረና ከወደቀ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ፈቃድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ነፃ ማለት ያለ ድካም ማለት አይደለም። ዶላሩ ቢቀርም የሰው ሰዓት ይከፈላል። አዲስ ቨርዥን መቼ እንደሚወጣ የሚወሰነው ኦስሎና ባንጋሎር ነው፤ ያንን እየተከታተለ፣ እየፈተሸ፣ እያሻገረ የሚሄድ ቋሚ ቡድን ግን አዲስ አበባ መቀመጥ አለበት። በክልል ቢሮዎችም እንዲሁ።

ሕጉም ከእንግዲህ ዝምታን አይፈቅድም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን ለመጠበቅ ተገቢውን የቴክኒክ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ሠሪዎቹ በተዉት ቨርዥን ላይ የሚሊዮኖችን መረጃ አስቀምጦ «ተገቢውን እርምጃ ወስጃለሁ» ማለት አይቻልም። «እየሠራ ነው አይደል?» ከዚህ በኋላ የሕግ መከላከያ አይሆንም።

የሚጠየቀው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች፣ ቨርዥናቸውንና ድጋፋቸው የሚያበቃበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ መዝገብ ይኑረው፤ በየሩብ ዓመቱ ይከለስ። ኢኩፋክስን የጎደለው ይህ ገጽ ነበር። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ከግንባታው ዋጋ ጎን የአምስት ዓመት የማሻሻያ ዋጋ ይጠየቅ፤ ኮዱና ፍተሻው ለገዢው እንዲረከብ ይጻፍ። በመደበኛ በጀት ውስጥ ትንሽም ብትሆን ቋሚ መስመር ትኑር። በየዓመቱ ትንሽ የተሻገረ ሲስተም በአሥር ዓመቱ አንድ አስፈሪ ሌሊት አይጠብቀውም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ወጣቱ ፕሮግራመርም ድርሻ አለው። «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ስብሰባ መግባት አይበቃም፤ ኃላፊው በዚህ ቃል ውስጥ የሚሰሙት የወጣት ፋሽን ነው። «ይህ ቨርዥን ከዚህ ቀን በኋላ ጥገና አያገኝም፤ የያዘው የዚህን ያህል ሰው መረጃ ነው፤ ለመሻገር ይህን ያህል ሳምንት እንፈልጋለን፤ ባይሳካ በዚህ መንገድ እንመለሳለን» ብሎ በአንድ ወረቀት ያቀረበ ባለሙያ ግን ቢያንስ መልስ ያገኛል። መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ የፈረመበት ሰው ይኖራል።

አዲስ ሲስተም ተመርቆ ሥራ መጀመሩ በቴሌቪዥን በተነገረ ቁጥር፣ ማይክሮፎን የያዘው ጋዜጠኛ «ስንት ወጣበት?» እና «ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛ ይጨመርላቸው፦ «የዛሬ አምስት ዓመት ይህንን የሚያሻሽለው ማን ነው? ደመወዙስ በየትኛው በጀት ተይዟል?» መልስ ከሌለ የተመረቀው ድስቱ ብቻ ነው፤ ጉልቻውን ያየለት የለም።